ሊኑክስ የተጫነበት አሮጌ ኮምፒውተር ቀጥ ሲል



ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አበቃ፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ከዚህ በኋላ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል፤ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም በአመዛኙ ከ8ኛው ትውልድ በታች ያሉትን አይቀበልም። ያገለገለ ላፕቶፕ ከውጭ እየገባ በሚሸጥበት፣ ዘመድ ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ ሲመጣ ሲሠራበት የቆየውን ኮምፒውተር ለታናሹ ይዞ በሚመጣበት አገር፣ 4ኛና 5ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ያለው ማሽን ዛሬም የቢሮና የተማሪ የዕለት መሣሪያ ነው። ለዚህ ማሽን ባለቤት በየአቅጣጫው የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፦ ሊኑክስ ጫንበት።

ምክሩ ጥሩ ነው። ይህ ዲስኩር የሚመለከተው ግን ምክሩ ከተፈጸመ በኋላ ያለውን ነው። ሊኑክስ ሚንት ወይም ኡቡንቱ ይጫናል፣ ማሽኑ ቀለል ይላል፣ ባለቤቱም ይደሰታል፤ ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ስክሪኑ ባለበት ቀጥ ይላል። ማውሱ አይሄድም፣ ሰዓቱ አይቆጥርም፣ ዘፈኑ አንዷን ቃል ደጋግሞ እያንተባተበ ይቆማል።

ባለቤቱ የሚያደርገው የታወቀ ነው። ኪቦርዱን ይደበድባል፣ ከዚያ የፓወር ቁልፉን ተጭኖ ይይዛል። ነገሩ ሲደጋገም ማሽኑ ጥገና ቤት ይወሰዳል፤ እዚያ ደግሞ ፍርዱ አስቀድሞ የተወሰነ ነው፦ «ፎርማት ይደረግ።» ፎርማት ማድረግ ማሽኑ ለምን ሀንግ እንዳደረገ የተጻፈውን መዝገብ ሁሉ ስለሚጠርግ፣ ችግሩ በሳምንቱ ሲመለስ ፍለጋው ከዜሮ ይጀምራል። ከውጭ ሲታይ አንድ ዓይነት የሚመስለው ሀንግ ውስጡ ሲገባ የተለያየ ነገር ነው፤ ለራም እጥረት የሚሠራው መፍትሔ ለተበላሸ ገመድ አይሠራም፣ ለገመድ የሚሠራውም ለቪዲዮ ካርድ አይሆንም።

ለመለየት የሚሻለው ጊዜ ደግሞ ማሽኑ የቆመበት ያው ደቂቃ ነው። በመጀመሪያ የካፕስ ሎክን መብራት ማየት ነው። ቁልፉ ሲነካ መብራቱ የሚበራና የሚጠፋ ከሆነ የሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነል አልሞተም። የማይበራ ከሆነ ገና አይፈረድም፤ መብራቱን የሚያዘው ዴስክቶፑ ሊሆን ይችላልና። ማንም ሳይነካው በራሱ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ግን ነገሩ ለየት ይላል፤ ብዙ ላፕቶፖች ላይ ይህ ከርነሉ ራሱ መውደቁን የሚያሳይ ምልክት ነው።

ቀጥሎ ኮንትሮል፣ ኦልትና ኤፍ3 አንድ ላይ ይጫናሉ። ስምና የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ጥቁር ስክሪን ከመጣ የቆመው ዴስክቶፑ ብቻ ነው፤ እዚያው ገብቶ ጥፋተኛውን ፕሮግራም መዝጋት ይቻላል። ካልመጣ ዓይን ወደ ዲስኩ መብራት ይሂድ። ያለ ዕረፍት የሚበራ ከሆነ ማሽኑ ሥራ ላይ ነው፤ ሥራው ግን መውጫ አጥቷል። ቤት ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር ካለ ደግሞ ፒንግ ማድረግ፣ ማለትም በኔትወርክ «አለህ?» ብሎ መጠየቅ፣ ብዙ ይናገራል። ለፒንግ መልስ የሚሰጠው ከርነሉ ራሱ ነው፣ ከዲስክ ምንም ማንበብ አያስፈልገውም። አስቀድሞ ኤስኤስኤች የተባለው የርቀት መግቢያ የተጫነበት ማሽን ለፒንግ እየመለሰ መግቢያ ሲጠየቅ ዝም ካለ፣ ከርነሉ አለ፤ የጠፋው ለአዲስ ፕሮግራም የሚሆን ራም ወይም የዲስክ ተራ ነው።

የፓወር ቁልፉን ከመያዝ በፊት የሚሞከር አንድ ነገር አለ። አብዛኛው ኪቦርድ ላይ ከፕሪንት ስክሪን ጋር አንድ ቦታ የሚጋራው ሲስአርኪው የተባለ ቁልፍ ትእዛዙን በቀጥታ ለከርነሉ ያደርሳል። ኦልትና ይህ ቁልፍ እንደተያዙ ኤስ ሲጫን ያልተጻፈው ሁሉ ዲስክ ላይ ይጻፋል፣ ዩ ዲስኩን ለንባብ ብቻ ይዘጋዋል፣ ቢ ማሽኑን ያስነሳዋል። ከእነዚህ በፊት አር፣ ኢ እና አይ የሚጨምረው ረጅም ቅደም ተከተል በሰፊው ይታወቃል፤ ኡቡንቱ ግን በነባሪው ከስድስቱ የሚፈቅደው እነዚህን የመጨረሻዎቹን ሦስቱን ብቻ ነው። ኤስ ትልቅ ጥቅም አላት። የሲስተምዲ (የሲስተሙን አገልግሎቶች የሚያስተዳድረው ፕሮግራም) መዝገብ ያዥ፣ መልእክቱ እጅግ አስጊ ካልሆነ በቀር፣ ወደ ዲስክ መውረዱን የሚያረጋግጠው በየ5 ደቂቃው ነው። ፓወሩን በድንገት የሚዘጋ ሰው፣ ወይም መብራት የጠፋበት ሰው፣ ከሁሉ የሚፈልጋቸውን የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች ሊያጣ ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ተጠርጣሪ። 4 ጊጋባይት ራም ያለው ማሽን ላይ ዛሬ ባለው ድረ ገጽ የሚሠራ ሰው ሀንግ ካጋጠመው፣ ከሁሉ በፊት የሚጠረጠረው ራም ነው። በኦገስት 2019 አንድ ተጠቃሚ ለከርነሉ ገንቢዎች ማንም ሊደግመው የሚችል ሙከራ ጽፎ ላከላቸው። ማሽኑ 4 ጊጋባይት ብቻ እንዲያይ ይደረግ፣ ስዋፕ (ከራም የሚወጣው ዳታ የሚቀመጥበት ቦታ) ይጥፋ፣ ከዚያ ብራውዘር ላይ ታብ በታብ ላይ ይከፈት። ራሙ ሲያልቅ ሲስተሙ «አልቻልኩም» ብሎ አንዱን ፕሮግራም አይዘጋም። የዲስኩ መብራት ሳያቋርጥ እየበራ፣ ማውሱ እንኳ በመከራ እየተንቀሳቀሰ ለደቂቃዎች ይቆማል። ፈጣን ኤስኤስዲ ያለው ማሽንም አያመልጥም።

እንዴት እንዲህ ይሆናል? ራም ሲሞላ ከርነሉ ቦታ ማስለቀቅ አለበት። ስዋፕ ከሌለ ፕሮግራሞቹ የያዙትን የራሳቸውን ዳታ የሚያወጣበት ቦታ የለውም። ሊጥል የሚችለው ከዲስክ እንደገና ሊነበብ የሚችለውን ብቻ ነው፤ ከዚህም ውስጥ አሁን እየሠሩ ያሉት ፕሮግራሞች ኮድ አለበት። ጠባብ ጓዳ ውስጥ የምትሠራ ሴት ለድስቱ ቦታ ለማግኘት ማማሰያውን ግቢው ዳር ያለው ዕቃ ቤት ብታስቀምጠው፣ ወጡን ባማሰለች ቁጥር ግቢውን አቋርጣ መመለስ ይኖርባታል። ከርነሉም እንዲሁ ነው፤ አሁን የጣለውን ገጽ (ራም የሚከፋፈልበትን ቁራሽ) በሚቀጥለው ቅጽበት ይፈልገዋል፣ ያነበዋል፣ ሌላውን ይጥላል።

ከርነሉ ራም ሲያልቅ አንዱን ፕሮግራም መርጦ የሚገድል ኦኦኤም ኪለር የተባለ ክፍል አለው። ታዲያ ለምን አይነሳም? የሚጠራው ቦታ ማስለቀቅ ጨርሶ ሳይቻል ሲቀር ስለሆነ ነው። እዚህ ግን ማስለቀቁ በወረቀት ላይ ሁልጊዜ ይሳካል፤ ገጽ ይጣላል፣ ገጽ ይገኛል። ተጠቃሚው ፊት ሁሉም ነገር እንደቆመ ሒሳቡ ውስጥ የሚታይ ነገር የለም። ጥፋቱ እንግዲህ የማሽኑ እርጅና ብቻ አይደለም፤ የከርነሉ የረጅም ዘመን ድክመት ነው፣ ይህን ደግሞ በግልጽ መናገር ይገባል። «ስዋፕ ማሽን ያዘገያል፣ አጥፋው» የሚለው የተለመደ ምክርም በአሮጌ ማሽን ላይ ችግሩን የሚያብስ ነው።

መፍትሔው በየተራ መጣ። የፌስቡክ መሐንዲስ የነበረው ዮሐነስ ቫይነር የሠራው ፒኤስአይ በ2018 መጨረሻ በወጣው ከርነል 4.20 ገባ፤ ፕሮግራሞች ራም፣ ዲስክና ፕሮሰሰር እየጠበቁ ምን ያህል ጊዜ እንደሚያባክኑ ይለካል። ነፃ ራም ስንት ቀረ ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ ሥራው ምን ያህል ተጓተተ ብሎ መጠየቅ ማለት ነው። ፌዶራ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት በ2020 የፀደይ እትሙ ኧርሊኦኦም የተባለችውን ትንሽ ፕሮግራም በነባሪ አስገባ፤ ራሙ ሙሉ በሙሉ ሳያልቅ ትልቁን በላተኛ ትዘጋለች። በዓመቱ በሲስተምዲ ኦኦኤምዲ ተካት። ኡቡንቱ በ22.04 እትሙ ይህንኑ ሲከተል ብራውዘራቸው በድንገት የተዘጋባቸው ሰዎች አማረሩ፤ ገንቢዎቹም አሠራሩን ማለዘብ ግድ ሆነባቸው። ቅሬታው እውነት ነበረው፤ ቢሆንም አንድ መስኮት መዘጋት ማሽኑ በሙሉ ከሚቆም ይሻላል። በ2022 መጨረሻ በወጣው ከርነል 6.1 ደግሞ የጉግሉ ዩ ዣኦ የትኛው ገጽ እንደሚጣል የሚመርጠውን ክፍል እንደ አዲስ ሠራው።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ለአሮጌ ማሽን የሚጠቅመው ዜድራም የተባለው ነው። የራሙን አንድ ክፍል ወስዶ ስዋፕ ያደርገዋል፣ ወደዚያ የሚገባውን ዳታ ግን ጨምቆ ያስቀምጣል፤ ብዙ ጊዜ ወደ ግማሽ ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። ዘገምተኛ ሃርድ ዲስክ ላለው ማሽን ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። ፌዶራ ከ33ኛው እትም ጀምሮ አብሮት ይመጣል፤ ዴቢያን ላይ ግን ባለቤቱ ራሱ ዜድራምንም ኧርሊኦኦምንም መጫን አለበት። ሥራው ሁለት ፓኬጅ ከማውረድ አያልፍም።

ወደ ፍላሽ ፊልም ሲገለበጥ የሚመጣው ሀንግ ከዚህ ይለያል። የመገልበጫው መስመር በፍጥነት ይሞላና 100 በመቶ ላይ ተገትሮ ይቀራል፤ ሌላው መስኮትም አብሮ ይይዛል። ከርነሉ የሚጻፈውን መጀመሪያ ራም ላይ ያጠራቅማል፤ ነባሪው ጣሪያ ሊያዝ ከሚችለው ራም 20 በመቶ ነው። 8 ጊጋባይት ባለው ማሽን ይህ እስከ 1.6 ጊጋባይት ሊደርስ ይችላል። ርካሽ ፍላሽ በሰከንድ 5 ሜጋባይት ቢጽፍ የተጠራቀመውን ለማራገፍ ከ5 ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል። ጉዳዩ በ2013 በገንቢዎቹ መካከል ሲነሳ፣ በ1991 ሊኑክስን የጀመረው ሊኑስ ቶርቫልድስ ራሱ በመቶኛ የመቁጠር ልማድ ኮምፒውተሮች ጥቂት ሜጋባይት ራም ብቻ ከነበራቸው ዘመን የመጣ መሆኑን አምኗል። በ2017 ከርነል 4.10 ውስጥ የከርነል ገንቢው የንስ አክስቦ ሥራ ሲገባ ከበስተጀርባ የሚጻፈው ሌላውን እንዳያንቅ የሚገታ ዘዴ ተገኘ። ጣሪያውን በመቶኛ ሳይሆን በሜጋባይት፣ ለምሳሌ በ100 ሜጋባይት ዙሪያ፣ መወሰን ዛሬም ይረዳል።

ሃርድ ዲስኩ ራሱ እየሞተ ከሆነስ? ሀንጉ ያን ጊዜ ለየት ያለ ምት አለው፦ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይቆማል፣ ይለቃል፣ ይሠራል፣ እንደገና ይቆማል። ይህ በአጋጣሚ አይደለም። ለዴስክቶፕ የተሠራ ዲስክ የማይነበብ ሴክተር ሲያገኝ ተስፋ ሳይቆርጥ ደጋግሞ ይሞክራል፤ ከርነሉ በበኩሉ በነባሪው 30 ሰከንድ ጠብቆ መስመሩን ዘግቶ ይከፍተዋል። መዝገቡ ውስጥ ይህ የመስመር ዳግም መክፈት ተደጋግሞ ይታያል፤ ከ120 ሰከንድ በላይ የጠበቀ ፕሮግራም ካለም ከርነሉ ስሙን ጠርቶ ይጽፋል። ስማርት የተባለው የዲስኩ የራሱ መዝገብ ሲከፈት ሁለት ቁጥሮች መታየት አለባቸው። በ197ኛው መስመር ያለው በጥርጣሬ የተያዙትን ሴክተሮች ይቆጥራል፤ ከዜሮ በላይ ከሆነ ከማንኛውም ነገር በፊት ፋይል ወደ ሌላ ቦታ ይገልበጥ። 199ኛው ብቻ እየጨመረ ከሄደ ግን ዲስኩ ደኅና ሊሆን ይችላል፤ የሚጠረጠረው ዲስኩንና ማዘርቦርዱን የሚያገናኘው የሳታ ገመድ ነው። ገመዱን ነቅሎ መሰካት ወይም መለወጥ ሲበቃ ዲስክ የሚያስለውጥ ጥገና ቤት ጥቂት አይደለም።

የቪዲዮ ካርድ ጉዳይ በአጭሩ። አሮጌ የኤንቪዲያ ካርድ ያለው ሰው ሁለት ምርጫ አለው፤ ሁለቱም አያረኩም። ኩባንያው ለጂፎርስ 8 እና 9 ዘመን ካርዶች የሠራው የ340 ተከታታይ ድራይቨር ድጋፉ በ2019 መጨረሻ ተቋረጠ፣ 390ው በ2022 መጨረሻ ተከተለው፤ አዳዲስ ከርነሎች ላይ ያለ ማስተካከያ አይጫኑም። የቀረው ኑቮ ነው፤ ፈቃደኛ ፕሮግራመሮች ካርዱን ከውጭ እያጠኑ የጻፉት ነጻ ድራይቨር፣ በአንዳንድ ካርድ ላይ ሲሠራ በአንዳንዱ ላይ ስክሪኑን የሚያደርቅ። ማሽኑ ሲነሳ ኖሞድሴት የምትለውን ቃል ለአንድ ጊዜ ብቻ ጨምሮ ማስነሳት ካርዱ ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑን ይለያል። መፍትሔ ተደርጋ ስትመከር መስማት ግን ያስገርማል። ድራይቨሩን ማጥፋት ማለት የስክሪኑን ሥዕል በሙሉ ፕሮሰሰሩ ይሣለው ማለት ነው፤ ጂኖምን የመሰለ ከባድ ዴስክቶፕ በዚህ ሁኔታ አሮጌ ፕሮሰሰርን ትንፋሽ ያሳጥረዋል። እንዲህ ያለ ማሽን በ1996 ኦሊቪዬ ፉርዳን የጀመረውን ኤክስኤፍሲኢ ወይም ሉቡንቱ የሚጠቀምበትን ኤልኤክስኪውት ቢይዝ ይሻለዋል።

ከሁሉ የሚያሳብደው ደግሞ መዝገቡ ውስጥ ምንም የማይተወው ሀንግ ነው። ኢንቴል በ2013 ቤይ ትሬይል የተባሉትን ትናንሽ ፕሮሰሰሮች አወጣ፤ ሴሌሮን ኤን2840፣ ሴሌሮን ጄ1900፣ በርካሽ ታብሌቶች ውስጥ የገባው አተም ዜድ3735ኤፍ ከእነርሱ ናቸው። ብዙ ርካሽ ላፕቶፕ በእነርሱ ተሠርቶ ዓለምን አዳረሰ። ሊኑክስ ሲጫንባቸው አንዳንዶቹ ያለ ምንም ምክንያት ይደርቁ ጀመር፤ ስክሪኑ እንዳለ ይቆማል፣ ካፕስ ሎክ አይመልስም፣ ፒንግ አይመልስም፣ ሲስአርኪው አይሠራም። በመዝገቡ የመጨረሻ መስመር ላይ ያለው ተራ ነገር ነው። በ2015 መጨረሻ በከርነሉ የስህተት መዝገብ ቁጥር 109051 ተሰጥቶት ጉዳዩ ተከፈተ፤ ለዓመታትም ሲያወዛግብ ቆየ።

ፍንጩ የተገኘው ማሽኑ ሥራ ሲበዛበት ሳይሆን ሲያርፍ መሆኑ ላይ ነው። ፕሮሰሰር ሥራ ሲያጣ ኃይል ለመቆጠብ ደረጃ በደረጃ ወደ ጥልቅ እንቅልፍ ይገባል፤ ቤይ ትሬይል ከጥልቁ እንቅልፍ ጋር በተያያዘ ነበር የሚወድቀው። ሰዎች ያገኙት ማለፊያ ማሽኑ ሲነሳ እንቅልፉ ከመጀመሪያው ደረጃ እንዳያልፍ የሚያዝ አንድ መስመር መጨመር ነበር። ባትሪው ቶሎ ያልቃል፤ ማሽኑ ግን አይደርቅም። በኋላ የወጡ ከርነሎች ሁኔታውን በብዙ አሻሽለውታል። እንዲህ ያለ ላፕቶፕ የገዛ ሰው መጀመሪያ ከርነሉን ወደ አዲስ ያሳድግ፤ ያም ካልበቃ መስመሯን ለአንድ ቡት ብቻ ይሞክራት። ይህን ማሽን አሥር ጊዜ ፎርማት ቢያደርጉት ለውጥ አያመጣም።

ሙቀትና አቧራ ብዙ ንግግር አያሻቸውም። ፋኑ በአቧራ የታፈነ፣ ከፕሮሰሰሩ በላይ ያለው የሙቀት ቅባት የደረቀ ማሽን መጀመሪያ ይዘገያል፣ ብሶ ሲሄድም ራሱን ያጠፋል፤ ዘመናዊ ፕሮሰሰር ከመቃጠል ራሱን ይጠብቃልና። በሙቀት የሚደርቀው ይልቅ ቪዲዮ ቺፑ ነው። ኤንቪዲያ በጁላይ 2008 በአንዳንድ የላፕቶፕ ቺፖቹ አሠራር ላይ ድክመት መገኘቱን አምኖ ለጥገናው ከ150 እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር መያዙን አስታውቋል። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ የመጣ ዴስክቶፕ ከሆነ ክዳኑ ተከፍቶ ማዘርቦርዱ ላይ ያሉት ካፓሲተሮች አናታቸው ያበጠ መሆን አለመሆኑ ይታይ፤ በዚያ ዘመን ጥራቱ የወረደ ካፓሲተር በብዙ አምራቾች ማሽን ውስጥ ገብቶ ነበር። ያበጠ ካፓሲተር ያለው ማሽን ላይ ሶፍትዌር መፈተሽ ጊዜ ማባከን ነው።

ሁሉም ተጠርጣሪ ሲደባለቅ ሊኑክስን ሳይጭኑ ከፍላሽ ላይ ማስነሳት ነገሩን ያቀለዋል። ሃርድ ዲስኩ ተነቅሎ በፍላሽ ብቻ ግማሽ ቀን የሠራ ማሽን ዲስኩን ወይም የተጫነውን ሲስተም ይከስሳል። በፍላሽም ቀጥ ካለ ከርነሉ፣ ቪዲዮው፣ ራሙ ወይም ኃይሉ ነው፤ በሌላ ዓመት የወጣ ከርነል የያዘ ሁለተኛ ፍላሽ ከርነሉን ከዝርዝሩ ያወጣዋል ወይም ጥርጣሬውን ያጠብቅበታል።

ራሙ የሚፈተሸው በሜምቴስት86+ ነው። ለረጅም ጊዜ በአሮጌው ባዮስ ላይ ብቻ ይሠራ ነበር፤ በ2022 የወጣው 6ኛው እትም ባዮስን በተካው በዩኢኤፍአይ በሚነሱ ማሽኖችም ይነሳል። ሌሊቱን ሙሉ ማሠራት ይገባል፤ በአንድ ዙር የማይታይ ስህተት በአራተኛው ሊመጣ ይችላል። አንድም ቀይ መስመር ከታየ ዴስክቶፕ ላይ ራሞቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ የተበላሸውን መለየት ነው። ራሙ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደባቸው ላፕቶፖች ነቅሎ መለወጥ አይፈቅዱም፤ ለእነርሱ ሊኑክስ ሌላ መንገድ አለው። ሜምቴስቱ የተበላሸውን አድራሻ ያሳያል፣ ያ አድራሻ ማሽኑ ሲነሳ ለከርነሉ ይነገረዋል፣ ከርነሉም ያንን ቁራሽ ዘልሎ በቀሪው ይሠራል። ከ4 ጊጋባይት ውስጥ ጥቂት ሜጋባይት ይጎድላል፤ ላፕቶፑ ግን አገልግሎቱን ይቀጥላል።